የጾም ጠብታ

ደሴ ውስጥ ሰው ሲገናኝ መጀመሪያ የሚጠያየቀው ስለ ሰውነቱ የኤሌክትሪክ ሙል ነው። «እንዴት አደርሽ? ሙልሽ ደህና?» ይልሻል። «ደህና፣ ተመስገን፣ ሠላሳ አንድ ነው» ትያለሽ። ከዚያ ነው ስለ ልጆቹና ስለ ዝናቡ የሚወራው። አራዳ ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ጠዋት ጠዋት የከተማውን አማካይ ሙል ያስነግራል፤ ሁዳዴ ሲገባ ቁጥሩ ይወርዳል፣ ፋሲካ ሲያልፍ ሽቅብ ይወጣል። የሠርግ መጥሪያ ላይ ከሙሽሮቹ ስም በታች «የድግሱ ቅባት፦ የኑግ ዘይት» ተብሎ ይጻፋል። ይህን ሳይጽፍ የጠራ ሰው ድንኳኑን ጥሎ ብቻውን ይቀመጣል።

እኔ ትርንጎ እባላለሁ። ቁጥር አራት ጠብታ ጣቢያ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራዬ ጠብታውን በመርፌ መውጋት ነው። ሰው በዓመት አራት ጊዜ ይመጣል፣ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ እጅጌውን ይሰበስባል፣ እወጋዋለሁ፣ የብልቃጡን ክዳን መዳፉ ላይ አኖርለታለሁ። ክዳኑን ያልያዘ ሰው አውቶብስ አይሳፈርም፣ ሥራም አይገባም። ጠብታው ከስኳር፣ ከግፊት፣ ከወባ ይጠብቃል። ይጠብቃል ስል በትክክል ከተሰጠ ነው።

ነገሩ ውስብስብ አይደለም። የሰው ሕዋስ ቆዳው ቅባት ነው፤ ያውም ሰውየው የበላው ቅባት። ቅቤ ሲበላ ከከረመ ቆዳው የቅቤ ነው፣ ኑግና ሱፍ ከሆነም የኑግና የሱፍ ነው። ሁለት ሳምንት አይፈጅበትም፣ ይለወጣል። ቅባቱ ሲለወጥ ላዩ ላይ ያለው የኤሌክትሪክ ሙልም አብሮ ይለወጣል። መድኃኒቱ ደግሞ የሚገባው በቅባት ከረጢት ተጠቅልሎ ነው፤ ከረጢቱም የራሱ ሙል አለው። ሁለቱ ከተስማሙ ከረጢቱ ቀስ ብሎ ሕዋሱ ውስጥ ይገባል። ካልተስማሙ ያገኘው ላይ ሁሉ ይለጠፋል፤ ሳንባ ላይ፣ ጉበት ላይ፣ የደም ሥር ግድግዳ ላይ። አንዴ ከተለጠፈ የሚያላቅቀው የለም። በሦስተኛው ቀን ጥፍር ይጠቁራል። በዐሥራ አንደኛው ቀን ሰውየው ይሞታል።

ስለዚህ ብልቃጡ ሁለት ዓይነት ነው። ነጭ ክዳን ለጾም፣ ቢጫ ክዳን ለፍስክ። ለሙስሊሞቹ ጣጣ የለውም፤ ረመዳን የሰዓት ጾም እንጂ የቅባት ጾም አይደለም፣ ዓመቱን ሙሉ ቢጫውን ይወስዳሉ። እኛ ነን በየጾሙ ሌላ ሰው የምንሆነው።

አሁን ወደ ልሳነወርቅ ልምጣ። ሰውየው ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ በደንቡ «እሳቸው» ማለት ነበረብኝ። አልልም። ፊት ለፊት «እርስዎ» ብየዋለሁ፣ አስተዳደጌ ነው። እዚህ ግን ተራኪዋ እኔ ነኝ፣ «እሱ» ነው የምለው።

ልሳነወርቅ የጠብታው ባለሥልጣን ነበር፤ በየጣቢያው የምንሠራበትን መመሪያ የሚጽፍ። ድሮ ማንኛውም ሰው ከመወጋቱ በፊት ይለካ ነበር። አራት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ልሳነወርቅ አራቱ ደቂቃ ቆጨው። «በአራት ደቂቃ ሌላ ሰው ይወጋል» ብሎ አንድ መመሪያ አወጣ፤ ካርድ ላይ የሰፈረ ሙል ለዘጠና ቀን ይሠራል፣ ድጋሚ መለካት ቀርቷል የሚል። መለኪያዎቹ በመኪና ተጭነው ሄዱ። የእኛ ጣቢያ ለኪ ሰዒድ ይባላል፤ ዝምተኛ ሰው ነው፣ ያን ጊዜ ግን ዝም አላለም። «ሁዳዴ ላይ የተለካ ክርስቲያን ከፋሲካ በኋላ ያው ሰው አይደለም፣ ሰው ይሞታል» ብሎ በእጁ ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤው ተመልሶ መጣ። ጥጉ ላይ ልሳነወርቅ በገዛ እጁ «ታይቷል። ለአራት ደቂቃ ብላችሁ ሕዝብ አታሸብሩ» ብሎ ፈርሞበታል። ሰዒድ መሳቢያው ውስጥ ቆለፈበት።

የውብዳር ታናሽ እህቴ ናት። እናታችን ስትሞት ሰባት ዓመቷ ነበር፣ እኔ አሳደግኳት። አድጋ የከተማ አውቶብስ ነዳች፤ የጦሳን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ እየዘፈነች ነበር የምትወጣው። የዚያን ዓመት ፋሲካ እኔ ቤት ገደፈች። ዶሮው ላይ ቅቤውን ያፈሰስኩት እኔ ነኝ፤ «ጨምሪ እንጂ፣ ምን ትሰስቻለሽ!» እያለች አስጨመረችኝ። ከፋሲካ በኋላ በዐሥራ ስድስተኛው ቀን ተራዋ ደርሶ እኔው ፊት ተቀመጠች። ካርዷ ሁዳዴ ላይ ነው የተሞላው፣ «ጾም» ይላል። ሰዒድ ከኋላዬ ቆሞ «ትርንጎ፣ ይሄ ልክ አይደለም» አለኝ።

«መመሪያ ነው» አልኩት።

የውብዳር ሳቀችብን። «ቶሎ በይ እቴ፣ አውቶብሱን መንገድ ዘግቼ ነው ያቆምኩት» አለች።

ነጩን ከፍቼ ወጋኋት። በዐሥራ አንደኛው ቀን ሞተች። በዚያ ወር ከተማው ውስጥ ዐሥራ አራት ሰው እንደዚሁ ሞተ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። እኔ የወጋሁት ነኝ፣ እኔም አልረሳሁም።

አጣሪ ኮሚቴ መጣ። ሰዒድ ደብዳቤውን ሊያወጣ መሳቢያውን ቢከፍት ባዶ ነው። ኮሚቴው ሻይ ጠጣ፣ ጻፈ፣ ሄደ። በዐሥራ አራቱም ፋይል ላይ አንድ ዓይነት ዐረፍተ ነገር ሰፈረ። የእህቴ እንዲህ ይላል፦ «የሞት ምክንያት፦ ሟች የአመጋገብ ለውጧን ባለማሳወቋ።» እኔ አብሬያት በልቼ፣ እኔ ቅቤውን ጨምሬ፣ እኔ ወግቼ፣ ጥፋተኛዋ እሷ ሆነች። ይሄ ነው አንጀቴን የበላው። ሞቷን እንኳ እንደ ምንም ብዬ እችለው ነበር፤ ያቺን ዐረፍተ ነገር አልቻልኳትም። ሦስት ጊዜ ይታረም ብዬ አመለከትኩ፣ ሦስቴም «የሚመለከተው አካል ወስኗል» ተባልኩ።

ልሳነወርቅ መመሪያውን አሻሻለ። ከእንግዲህ ወጊው «ጾም ወይስ ፍስክ?» ብሎ ይጠይቃል፣ ታካሚው ይመልሳል፣ ይፈርማል፤ የታካሚው ቃል ይበቃል። የሚሞት ቢኖር በራሱ ፊርማ ይሞታል ማለት ነው። ይህን ሠርቶ በክብር ጡረታ ወጣና ትውልድ አገሩ ደሴ ገባ። የሰበካ ጉባኤ ሊቀ መንበር አደረጉት። ጾሙ በከተማው ተወራለት፤ ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ አይቀምስም፣ ዓሣ በዞረበት አይዞርም እየተባለ። ጠብታውን ሌላ ጣቢያ ነበር የሚወስደው፤ ተራው የሚውለውም በፍስክ ወራት ነበር። በስድስተኛው ዓመት ያ ጣቢያ ተዘጋና ሰዎቹ ወደ እኛ ተመሩ፤ የእሱም ተራ ሁዳዴ ላይ ዋለ።

ሆሣዕና ስድስት ቀን ሲቀረው፣ ሰኞ ጠዋት በአራት ሰዓት ገባ። ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ብድግ አሉ።

«ኖር!»

«በእግዚአብሔር፣ በእግዚአብሔር! አረ ቁጭ በሉ» አለ። ነጠላውን አጣፍቷል፣ ከዘራ ይዟል። ከሰበካው ሁለት እናቶች አጅበውታል፤ አንደኛዋ እማማ አሰገደች ናቸው፣ የእኔም ጎረቤት። «ይኸው ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል ውሃ በአፋቸው አልዞረም፣ ቶሎ ሸኚያቸው ልጄ» አሉኝ።

አላወቀኝም። ከየት ያውቀኛል? «ስምሽ ማነው ልጄ?» አለኝ።

«ትርንጎ።»

«የጥንት ስም! ደስ ይላል» አለና እጁን ዘረጋልኝ።

ከመውጋታችን በፊት ለደም ማነስ እናያለን፤ ይህቺ ፍተሻ ብቻ አልተሰረዘችም። ከጣት ጫፍ ትንሽ ደም በቀጭን የብርጭቆ ቱቦ ይወሰድና በፍጥነት የሚያሽከረክር መዞሪያ ውስጥ ይገባል። ሲወጣ ቀዩ ከታች ይረጋል፣ ከላይ የሚቀረው ውሃ ጥርት ያለ የገለባ ቀለም ነው። በተለይ የጿሚ ሰው በጠዋት እንደ ምንጭ ነው የሚጠራው። የልሳነወርቅን ከመዞሪያው አወጣሁና ወደ መስኮቱ ያዝኩት። ወተት ነበር። ይህ ሰው ያን ዕለት ጠዋት በልቷል፣ ያውም ቅባት ያለው ነገር።

ጓዳ ገብቼ ለሰዒድ አሳየሁት። አየውና የካርቶኑን ክምር አነሳስቶ ከሥር አሮጌውን መለኪያ አወጣና ከወሰድኩት ደም የተረፈውን ጠብ አደረገበት። መለኪያዎቹ ሲሰበሰቡ አንዱን ደብቆ አስቀርቶ ኖሯል፣ እኔም ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። አራት ደቂቃ ጠበቅን። አርባ አራት አለ። ጿሚ ሰው ሠላሳ ሁለት አይሞላም።

«የዛሬ ቁርስ ብቻ አይደለም» አለ ሰዒድ። «ወሩን ሙሉ ቅቤ ሲልስ ነው የከረመው። ወላሂ ይሄ ሰውዬ ዓይኑን በጨው አጥቧል!» ከዚያ ፊቴን አየ። «ትርንጎ፣ ቢጫውን ስጪውና ይሂድ።»

«መጀመሪያ ቃሉን ልስማ።»

ሁለቱንም ብልቃጥ ትሪ ላይ አድርጌ ጨርቅ ጣል አደረግሁበትና ተመለስኩ።

«ጋሼ፣ ጾም ነው ፍስክ?»

«ጾም ነው እንጂ! ምን ጥያቄ ነው በሁዳዴ?»

«ያመመው ሰው እንደሆነ ነፍስ አባቱ ይፈቱለታል፣ ነውር የለበትም። ትንሽ ወተት፣ ትንሽ ቅቤ ቀምሰው ከሆነ ለእኔ ይንገሩኝ፤ እዚሁ ይቀራል።»

እማማ አሰገደች «ኧረ ምን ትላለች ይቺ ልጅ!» ብለው አማተቡ። ልሳነወርቅ ሁለቱን እናቶች አየት አደረገና ፈገግ አለ። «ልጄ፣ እኔ ሁዳዴን ስይዝ አንቺ አልተወለድሽም» አለኝ።

«እንግዲያው ልለካዎት። አራት ደቂቃ ነው።»

አሁን ፈገግታው ጠፋ። «መመሪያውን ማን እንደጻፈው ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«እኮ! የታካሚው ቃል ይበቃል። አምጪው ልፈርም።» ፈረመ። ፊርማው አልተለወጠም፤ ያው በሰዒድ ደብዳቤ ጥግ ላይ ያየሁት ነው።

እውነቱን ልናገር፤ ልገድለው ፈለግሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ ሲያቃጥለኝ የኖረው ነገር በራሱ እግር መጥቶ፣ በራሱ አፍ ተናግሮ፣ በራሱ እጅ ፈርሞ ፊቴ ተቀምጧል። ማንም አይጠይቀኝም። መመሪያው ያዝዘኛል፣ ፊርማው ነጻ ያወጣኛል። ጨርቁ ሥር እጄን ሰደድኩ፣ መርፌውን ሞላሁ፣ ወጋሁት። ነጩን ክዳን መዳፉ ላይ አኖርኩለት።

የተወጋ ሰው ዐሥር ደቂቃ መቀመጥ አለበት። ጥግ ላይ ብቻውን ሲቀመጥ ሄጄ ጎንበስ አልኩና ቱቦዋን በጣቶቼ መሐል አሳየሁት።

«ጋሼ፣ ይሄ የእርስዎ ደም ነው። ወተት ይመስላል አይደል? ከጓዳ ለክቼዋለሁ፣ አርባ አራት ነው።»

ቱቦዋን አየ። ከዚያ መዳፉን ገልጦ ነጩን ክዳን አየ። ያን ጊዜ ፊቱ ላይ የመጣውን በቃላት አልገልጸውም፣ ስድስት ዓመት የጠበቅሁት ፊት ግን እሱ ነው።

«የውብዳር ሰይፉ የምትባል የአውቶብስ ሾፌር ነበረች» አልኩት። «ከዐሥራ አራቱ አንዷ። እህቴ ናት።»

«ምን አደረግሽኝ?»

«የፈረሙትን ያንብቡት» ብዬው ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ሰዒድ በጓዳው በር በኩል ሰምቶናል። ሰው ሲያልቅ መጥቶ ፊቴ ቆመ። «ነፍስ ነው እኮ፣ ትርንጎ! የአላህ ነው!» አለኝ። መርፌዎቹን መሰብሰቤን ቀጠልኩ። «እሺ፣ አልናገርብሽም። ከእንግዲህ ግን ካንቺ ጋራ ሻይ አልጠጣም» አለና ጃኬቱን አንጠልጥሎ ወጣ። ሃያ ዓመት አብረን ሻይ ጠጥተናል።

ማክሰኞ ልሳነወርቅ ሆስፒታል ሄዶ ከበር ተመለሰ። ምን ብሎ ይግባ? «የተሳሳተ ጠብታ ተሰጠኝ» ቢል «ታዲያ ለምን ጾም ነው ብለው ፈረሙ?» ነው የሚሉት። ለኩኝ ቢል መለኪያ የለም፤ እሱ ራሱ አስጭኗቸዋል። ረቡዕ የሰበካው ስብሰባ ላይ አልተገኘም።

ሐሙስ ከሥራ ስገባ ደጄ ላይ ሦስት ሽማግሌ ተቀምጠው አገኘሁ፤ አንዱ መርጌታ ናቸው። አስገባኋቸው። ከተቀመጡ በኋላ እርስ በርሳቸው ተያዩ። «ልጄ» አሉ መርጌታው፣ «እንግዲህ ልሳነወርቅ አስታርቁኝ ብሎ ልኮን ነው የመጣነው። ምን እንዳጣላችሁ ግን አልነገረንም። ብንጠይቀው ያለቅሳል እንጂ አይናገርም። በል እንጂ ብንለው ‹እሷ ታውቀዋለች› ይላል። ኧረ በምን ተጣላችሁ?»

ሽማግሌ ልኮ ጥፋቱን የሚደብቅ ሰው አይቼ አላውቅም። ሳቄ መጣብኝ። «አባቶቼ፣ ካሣ አልፈልግም፣ ይቅርታም አልፈልግም» አልኳቸው። «ሆሣዕና ዕለት ሕዝቡ ፊት ቆሞ ሦስት ነገር ይናገር። አንደኛ ሁዳዴን አለመጾሙን። ሁለተኛ የሰዒድን ደብዳቤ አይቶ፣ ሰው እንደሚሞት ተነግሮት መፈረሙን። ሦስተኛ እነዚህ ዐሥራ አራት ሰዎች ጥፋት እንደሌለባቸው፣ ስማቸውን እየጠራ። ይህንኑ ጽፎ ለመሥሪያ ቤቱ ይላክ።» ስማቸውን የጻፍኩበትን ወረቀት ሰጠኋቸው።

መርጌታው ወረቀቱን አንብበው ጨረሱ። ከተጻፉት አንዱ የደብራቸው ምእመን ነበር። «ልጄ፣ እውነትሽን ነው» አሉ። «ነገር ግን ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው።»

«እኔ መቼ ልጸልይ አልኩ፣ አባቴ?»

ዓርብ ራሱ መጣ፣ ጣቢያው ድረስ። ዕለቱን ያረጀ ይመስላል። አሥሩንም ጣቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋቸው። «እይው፣ ጠቁሯል» አለኝ። አየሁት። «በሴቶቹ ፊት አፍሬ ነው፣ አንዴ ምን ያደርገኛል ብዬ። መድኃኒት ይኖራል፣ አንቺ ታውቂያለሽ፣ ሃያ ዓመት ሠርተሻል!»

«አንዴ ከገባ የሚያወጣው እንደሌለ ለአጣሪው የነገሩት እርስዎ ነዎት።»

«የሰው ልጅ አይደለሽም እንዴ? ትንሽ አታዝኚም?»

«አዝኛለሁ» አልኩት። «ዐሥራ አንድ ቀን አጠገቧ ተቀምጬ አዝኛለሁ። ጥፍሯን በጣቴ እያሸሁ፣ ይሞቅ እንደሆነ ብዬ። እሁድ እንገናኝ።»

ሆሣዕና ዕለት ግቢው ጢም ብሎ ነበር። ሰዉ ሁሉ ዘንባባ በራሱ ላይ አስሯል። ከቅዳሴ በኋላ የሰበካው ማስታወቂያ የሚነገርበት ሰዓት ሲደርስ ልሳነወርቅ ማይክራፎኑን ያዘ። ስለ አጥሩ ግንባታ ሊናገር ነው ብለው አንዳንዶቹ መቀመጥ ጀምረው ነበር።

«ወገኖቼ» አለ። «እኔ ሁዳዴን ጾሜ አላውቅም። ዘንድሮም፣ አምናም። ቤቴን ዘግቼ እበላለሁ።»

አንድ ሰው ሳቀ፣ ቀልድ መስሎት። ሌላ ሳቅ አልተከተለም።

«ይሄ ለእኔና ለፈጣሪዬ ነው ትሉ ይሆናል። ሌላ አለ። መለኪያው ሲነሳ ሰው ይሞታል ብሎ የጻፈልኝ ሰው ነበር። አንብቤዋለሁ። ገብቶኛልም፤ አልገባኝም ብል እዋሻለሁ። ደብዳቤውን አስወጥቼ ያቃጠልኩትም እኔ ነኝ። የሞቱት ሰዎች ጥፋት የለባቸውም። ፋሲካን እንደማንኛችሁም በሉ፣ በቃ። ጥፋቱ የእኔ ነው።» ከዚያ ወረቀቴን አወጣና ስማቸውን ጠራ። ስምንተኛው ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ ፈለገኝ፤ አገኘኝም። «የውብዳር ሰይፉ» አለ።

አራተኛው የተጠራው ሰው ሚስት ግቢው መሐል መሬት ላይ ተቀምጣ እንደ ልቅሶ ቤት ደረቷን ትመታ ጀመር። እማማ አሰገደች የራሳቸውን ዘንባባ ፈትተው በእጃቸው እያጣጠፉ እሱን ሳያዩ ወጡ። ተከትለዋቸው ብዙዎች ወጡ። ማንም አልሰደበውም። ብቻ በአጠገቡ ሲያልፉ ነጠላቸውን ሰብሰብ ያደርጉ ነበር፣ እንዳይነካቸው። ደስ አለኝ። ምን እዋሻለሁ፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ!

ሰኞ የዐሥራ አራቱ ቤተሰብ ሁሉ ልሳነወርቅ ለመሥሪያ ቤቱ የጻፈውን የእምነት ደብዳቤ ይዞ መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ቆመ። ስድስት ዓመት «ወስኗል» ሲለኝ የኖረው አካል በሦስት ቀን ወሰነ። ረቡዕ የተስተካከለውን ፋይል በእጄ ሰጡኝ። «ሟች ጥፋት የለባትም» ይላል። እዚያው ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ፤ ከሞተች ጀምሮ እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም።

ዓርብ ዐሥራ አንደኛው ቀን ነበር። ስቅለት ነው፤ ከተማው ሁሉ ስግደት ላይ ነው፣ ድምፅ ማጉያው እንኳ ተዘግቷል። ሰዒድ ቤት ሄጄ «ና፣ አንድ ነገር ላሳይህ» አልኩት። አላናገረኝም፣ ግን ጫማውን አደረገ።

ልሳነወርቅ አልጋው ላይ ነበር። ነጭ ለብሷል፣ ንስሐ ገብቷል፣ ኑዛዜውን አስፍሮ ትራሱ ሥር አድርጓል። ከጠዋት ጀምሮ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እያየ ነው አለች ሠራተኛዋ። ሲያየኝ «መጣሽ?» አለ። «ልታዪኝ ነው?»

ከኪሴ ቢጫውን ክዳን አወጣሁና መዳፉ ላይ አኖርኩለት።

«ምንድን ነው?»

«ሰኞ ዕለት የወሰዱት ይሄ ነው። ነጩን ክዳን ነው የሰጠሁዎት እንጂ መድኃኒቱ የቢጫው ነው። ጥፍርዎም ደህና ነው፣ ያን ጊዜም ደህና ነበር። አይሞቱም።»

ሰዒድ ከኋላዬ «ያ አላህ!» ሲል ሰማሁት። ልሳነወርቅ ክዳኑን ገለባበጠው። መጀመሪያ ሊስቅ ሞከረ። ተነስቶ ተቀመጠ፣ ጥፍሮቹን ወደ መስኮቱ አቅርቦ አንድ በአንድ አየ። ከዚያ ቀስ እያለ ገባው፤ ሲገባው አየሁት።

«እኔ እኮ ሁሉን ተናግሬያለሁ» አለ።

«አዎ።»

«በሕዝብ ፊት! ልጆቼ ስልኬን አያነሱም። ሰበካው... እንዴት አድርጌ ነው ከእንግዲህ በዚህ ከተማ የምወጣ የምገባው?»

«በእግርዎ።»

«ለምን አልገደልሽኝም?» ብሎ ጮኸ። እውነተኛ ጥያቄ ነበር፣ መልስም ይገባዋል።

«ነጩን መርፌው ውስጥ ሞልቼው ነበር» አልኩት። «ልወጋዎት ስል ‹ቶሎ በይ እቴ› የምትለዋን ድምፅ ሰማሁ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ታሰበኝ። ቢሞቱ ፋይልዎ ላይ ‹ሟች አመጋገቡን ባለማሳወቁ› ተብሎ ይጻፋል። ከእህቴ ጋራ አንድ መዝገብ ላይ፣ ዐሥራ አምስተኛ ሆነው ሊሰፍሩ ነው። እዚያ መዝገብ ላይ ያሉት ንጹሐን ናቸው፤ እርስዎ አይገቡበትም። ነጩን ደፋሁና ቢጫውን ሞላሁ። ረጅም ዕድሜ ይስጥዎ፣ ጋሼ።»

ደጅ ስንወጣ ሰዒድ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ራሱን ያዘ። «አንቺ ሴትዮ፣ ልትገድይኝ ነበር እኮ!» አለኝ።

«አንተን ደግሞ ምን አደረግሁህ?»

«ዐሥራ አንድ ቀን ሻይ ያለ ወሬ ጠጣሁ፣ ይሄ አይበቃም?»

ነገሩ ሲሰማ መሥሪያ ቤቱ ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ጻፈልኝ። ጥፋቴ የታካሚውን ቃል አለመቀበሌ ነው፤ ጾም ብሎ ፈርሞ ፍስክ ሰጥቻለሁ። ፈርሜ ተቀበልኩ። መመሪያው ከዚያ በኋላ ተሽሮ መለኪያዎቹ በመኪና ተጭነው ተመለሱ፤ ዛሬ ማንም ሰው ሳይለካ አይወጋም።

ይህ ከሆነ አምስት ዓመት አለፈው። ልሳነወርቅ ከደሴ አልወጣም፣ የሚሄድበት የለውም። ሌላ ጣቢያ የለምና በዓመት አራት ጊዜ እኔ ፊት ይቀመጣል። ሲገባ ማንም «ኖር» አይለውም። እጅጌውን ይሰበስባል፣ ከጣቱ ደም ወስጄ መለኪያው ላይ ጠብ አደርጋለሁ፣ ሁለታችንም አንነጋገርም። እሱ ወለሉን ያያል፣ እኔ እሱን አያለሁ። አራት ደቂቃ ነው። ይሄን ያህል ረጅም መሆኑን ድሮ አላስተዋልኩትም ነበር፤ እህቴ አንድ ጊዜ ብታገኘው ዛሬ የጦሳን ዳገት እየዘፈነች ትወጣ ነበር።

ሲያልቅ እወጋዋለሁ፣ ክዳኑን መዳፉ ላይ አኖርለታለሁ፣ «ዕድሜ ይስጥዎ» እለዋለሁ። ከልቤ ነው የምለው።